«የግል» ወይስ «ግለ»? የኤሌክትሮኒክ የጤና መዝገብ ስያሜና የጤና ባለሙያዎች መልስ

የሙያ ቃል ሲሰየም በመጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው ቃሉ ያምራል ወይስ አያምርም የሚለው ሳይሆን፣ ሰሚው ቃሉን በሰማ ጊዜ በአእምሮው የሚቀረጸው ነገር ሰያሚው ካሰበው ነገር ጋር አንድ ነው ወይ የሚለው ነው። ይህ ጥያቄ ብዙውን ጊዜ በመዝገበ ቃላት አዘጋጆች ጠረጴዛ ላይ ተነሥቶ እዚያው ያልቃል። አንዳንድ ጊዜ ግን ከጠረጴዛው አልፎ በቁጥር በሚገለጽ ጥናት ውስጥ ይገባል፤ ያን ጊዜ የስያሜው ጉድለት የቃላት ሰዎች ክርክር መሆኑ ይቀርና የጥናት ውጤት ሆኖ ይታተማል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው የዚህን ዐይነት አንድ ስያሜ ነው።

የጤና ባለሙያዎች ስለ ኤሌክትሮኒክ የግል የጤና መዝገብ ያላቸው ዕውቀትና አመለካከት ምን ያህል እንደሆነ ለማወቅ በልዩ ልዩ አገሮች፣ በአገራችንም ጭምር፣ በመጠይቅ የተደገፉ ጥናቶች ይካሄዳሉ። የመጠይቆቹ አሠራር እምብዛም አይለያይም። በመጀመሪያው ክፍል ባለሙያው ስለ መዝገቡ ሰምቶ እንደሆነ፣ መዝገቡ ምን ምን እንደሚይዝ፣ ማን ሊያየው እንደሚችል ይጠየቃል፤ መልሱም ትክክል ወይም ስሕተት እየተባለ ይቈጠራል። በሁለተኛው ክፍል መዝገቡ የሕክምናውን ጥራት ያሻሽላል፣ የሥራ ጫና ይጨምራል፣ የታካሚውን ምስጢር ያጋልጣል የሚሉትን የመሰሉ ዐረፍተ ነገሮች ይቀርቡለትና ከ«በጣም እስማማለሁ» እስከ «በጣም አልስማማም» ካሉት ደረጃዎች አንዱን ይመርጣል። ከዚያም ድምሩ ከአማካዩ በላይ የሆነለት መላሽ «በቂ ዕውቀት አለው»፣ «በጎ አመለካከት አለው» ይባላል።

ይህ ሁሉ ስሌት የቆመው በአንድ ሐረግ ላይ ነው። መላሹ «የኤሌክትሮኒክ የግል የጤና መዝገብ» የሚለውን ሲያነብ ምን ይታየዋል?

ጥያቄውን የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከጥቂት ዓመታት በፊት ለጤና ባለሙያዎች የተዘጋጀ አንድ መጠይቅ የአማርኛ ቅጂውን ከእንግሊዝኛው ጋር እንዲያመሳክር ተጠይቆ ነበር። ቅጂው ለሙከራ ሲቀርብ ከመላሾቹ አንዷ፣ የረጅም ጊዜ ልምድ ያላት ነርስ፣ መዝገቡን ታውቀው እንደሆነ ስትጠየቅ ያለማመንታት «እንዴታ! እኛ ጋ ካርድ ክፍሉ ኮምፒዩተር ከገባለት ቆይቷል» ስትል መለሰች። አጠገቧ የነበረው የላቦራቶሪ ባለሙያ ደግሞ «የለም ሲስተር፣ እሱ የግል ክሊኒኮች ያላቸው ነው፤ እኛ የመንግሥት ነን» አላት። ሁለቱም የተማሩና ሥራቸውን ጠንቅቀው የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። ሁለቱም ግን ለተጠየቁት ነገር መልስ አልሰጡም፤ ጥፋቱም የእነርሱ አልነበረም።

ሦስት ነገሮች

በጤና መረጃ አያያዝ ሙያ ሦስት ነገሮች ተለይተው ይታወቃሉ። የመጀመሪያው በአንድ ሆስፒታል ወይም ክሊኒክ ውስጥ የታካሚው ካርድ በኮምፒዩተር ሲያዝ ነው፤ የሚጽፈው፣ የሚያነበውና የሚጠብቀው ተቋሙ ነው። በአገራችን በተወሰኑ ሆስፒታሎች ሥራ ላይ ውሎ የነበረው ስማርት ኬር የተባለው ሥርዐት የዚህ ወገን ነው። ሁለተኛው መረጃው ከአንዱ ተቋም ወደ ሌላው የሚተላለፍበት፣ ሰውየው በየቦታው ያገኘው ሕክምና ባንድነት የሚታይበት ነው፤ እዚህም ጽሕፈቱ በሐኪሞች፣ ጥበቃው በተቋማት እጅ ነው። ሦስተኛው ግን ከሁለቱ ይለያል። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 በቍጥር 14292 ባወጣው ቴክኒካዊ ዘገባ ስለዚሁ ሦስተኛ ዐይነት መዝገብ ምንነትና ወሰን ያትታል፤ ዋናው መለያው መዝገቡ የተጻፈለት ሰው ራሱ የሚቈጣጠረው መሆኑ ነው። ሰውየው ያነበዋል፤ በቤቱ የለካውን የደም ግፊት፣ የሚወስደውን የባህል መድኃኒት፣ ሐኪሙ ሳይጠይቀው ያለፈውን አለርጂ ይጨምርበታል፤ ለማን እንደሚያሳይም ይወስናል። መዝገቡ ለብቻው ቆሞ በሰውየው ስልክ ላይ ሊኖር ይችላል፤ ወይም ከሆስፒታሉ መዝገብ ጋር ታስሮ ሆስፒታሉ ለታካሚው በር ከፍቶ የሚያሳየው ይሆናል። የኋለኛው በእውነት በሰውየው ቍጥጥር ሥር ነው ለማለት ይቻላል ወይ የሚለው ሙያተኞቹን ራሳቸውን የሚያከራክር ነው።

በሦስቱ መካከል ያለው ልዩነት የመሣሪያ ልዩነት አይደለም፤ ኮምፒዩተሩ አንድ ዐይነት ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ የሥልጣን ነው። በሰዋስው ቋንቋ እንናገር ካልን ልዩነቱ ያለው «ያዘ» በሚለው ግስ ባለቤት ላይ ነው፤ መዝገቡን ያዘ የሚባለው ማን ነው? ነርሷ የመለሰችው ስለ መጀመሪያው ነው፤ ነጥቡ ግን በሦስተኛው ስም ይቈጠርላታል።

ነገሩ በመሠረቱ ለሕዝባችን ባዕድ ነው ለማለት አይቻልም። ራጁን፣ የላቦራቶሪ ውጤቱንና የሪፈር ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልሎ ከአንዱ ሆስፒታል ወደ ሌላው የሚዞር ሰው ያላየ የለም። እናቶች የልጆቻቸውን የክትባት ካርድ በሣጥን ያኖራሉ። ይህ ሁሉ ስም ያልወጣለት፣ ባለጉዳዩ ራሱ የሚይዘው መዝገብ ነው። ስም የወጣለት ሌላው ነው፤ እርሱም «ካርድ» ነው። ታካሚ ሆስፒታል ሲደርስ ካርድ ያወጣል፤ ካርዱ ግን ካርድ ክፍል ይቀራል። «ካርዴ ጠፋ» ብሎ የሚያዝን ታካሚ ካርዱን የጣለው እርሱ አይደለም፤ በእጁ ይዞት አያውቅምና። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ በአማርኛ የአገናዛቢው ምእላድ («ካርዴ»፣ «መዝገቤ») ነገሩ ስለ እኔ መሆኑን ይናገራል እንጂ በእኔ እጅ መሆኑን አይናገርም።

«የግል» ምን ማለት ነው?

«መዝገብ» የሚለው ቃል ብዙ አያስቸግርም። ከግዕዙ «ዘገበ»፣ ሰበሰበ፣ አከማቸ ከሚለው የወጣ ነው፤ መጀመሪያ የሀብት ማከማቻ፣ ግምጃ ቤት ማለት ነበር። ዛሬ የፍርድ ቤቱም፣ የጽሕፈት ቤቱም፣ የቃላቱም መዝገብ ተብሎ ይኖራል፤ የጤናውም እንዲሁ ቢባል የሚቃወም አይገኝም። አንዳንድ ተርጓሚዎች «ማኅደር»ን ይመርጣሉ። ማኅደር ከ«ኀደረ» የወጣ ማደሪያ፣ የመጽሐፍም መያዣ ስለሆነ ለጆሮ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ወዲያው የምናየው እንቅፋት አለበት።

ችግሩ ያለው «የግል» ላይ ነው። ይህ ቅጽል በዛሬው አማርኛ ቢያንስ አራት ሥራ ይሠራል። «የግል ሆስፒታል» ሲባል የመንግሥት ያልሆነ ማለት ነው፤ የላቦራቶሪው ባለሙያ የተረዳው ይህንን ነው። «የግል መኪናው» ሲባል የራሱ ንብረት የሆነ ማለት ነው። በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 «የግል ሕይወት» ሲባል ሌላው ሊገባበት የማይገባ ማለት ነው። አራተኛው፣ ለዚህ ጽሑፍ ዋነኛው፣ ስለ አንድ ሰው የተጻፈ ወይም አንድን ሰው የሚመለከት የሚለው ነው። በመሥሪያ ቤቶች «የግል ማኅደር» የሚባለውን እንውሰድ። በዚህ ማኅደር ውስጥ የሠራተኛው የቅጥር ደብዳቤ፣ የደረጃ ዕድገቱ፣ የተሰጠው ማስጠንቀቂያ ይገኛል። ስለ እርሱ ነው፤ የእርሱ ግን አይደለም። የሚይዘው መሥሪያ ቤቱ ነው፤ ሠራተኛው ሊያየው ቢፈልግ ማመልከት አለበት። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321/2016ም «የግል» የሚለውን በዚሁ በአራተኛው ትርጕሙ ይጠቀምበታል፤ ያውም የአዋጁ ዋና ጉዳይ በሌሎች እጅ ስላለ ዳታ ነው።

ስለዚህ የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ ነርስ ወይም ሐኪም «የግል የጤና ማኅደር» ወይም «የግል የጤና መዝገብ» ሲል ቢሰማ፣ የገዛ የመሥሪያ ቤት ልምዱ የሚያመለክተው ወደ ተቃራኒው ነው፤ ተቋሙ ስለ ሰውየው የሚይዘው ፋይል። ስያሜው ግልጽነት ጐድሎት ብቻ ቢሆን ማብራሪያ ይበቃው ነበር። ይህ ግን አንባቢውን በራስ መተማመን ወደ ስሕተት የሚመራ ስያሜ ነው፤ በስያሜ ሥራ ከዚህ የከፋ የለም። የማያውቀውን ቃል ያገኘ ሰው ይጠይቃል፤ የሚያውቀው የመሰለው ግን አይጠይቅም።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር እንዳይመስል የሁለት አገሮችን ስያሜ መመልከት ይጠቅማል። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ2004 በሕግ ያቋቋሙትን መዝገብ «የግል የሕክምና ማኅደር» አሉት። በ2016 በሌላ ሕግ የመጨረሻውን ቅጽል ለውጠው «የጋራ የሕክምና ማኅደር» አደረጉት። በፈረንሳይኛ ሁለቱም ቅጽሎች በአንድ ፊደል ስለሚጀምሩ የስሙ ምሕጻር ሳይለወጥ ቀረ፤ የመዝገቡ ፅንሰ ሐሳብ ግን ከግል ወደ ጋራ ዞረ። በ2022 ደግሞ «የእኔ የጤና ቦታ» በሚል ስም በሰፊው አቀረቡት። አውስትራሊያ በ2012 የጀመረችው «በግለሰቡ ቍጥጥር ሥር ያለ የኤሌክትሮኒክ የጤና መዝገብ» የሚል ረጅምና ትክክለኛ ስም ነበረው፤ በ2016 «የእኔ የጤና መዝገብ» ተባለ። ስሙ በ«የእኔ» ካጠረ በኋላ አሠራሩም ተለውጦ፣ ቀድሞ ፈቅዶ የተመዘገበ ብቻ ይገባበት የነበረው፣ አልፈልግም ብሎ ካልወጣ በቀር ለሁሉም የሚከፈት ሆነ። «የእኔ» ማለት የባለቤትነት ቃል መሆኑ አይካድም፤ ከላይ ስለ «ካርዴ» ያልነው ግን እዚህም ይሠራል።

ሊሆኑ የሚችሉ ስያሜዎች

እንግዲህ በአማርኛ ምን እንበል? በውይይት ላይ ከቀረቡት ውስጥ ጥቂቶቹን እናንሣ። «የእጅ የጤና መዝገብ» መልካም ይመስላል፤ መዝገቡ በሰውየው እጅ መሆኑን ይናገራልና። ነገር ግን «የእጅ ጽሑፍ» የሚለውን የለመደ ሰው በእጅ የተጻፈ መዝገብ ይለዋል፤ ለኤሌክትሮኒክ መዝገብ ከዚህ የባሰ ስም አይገኝም። «የባለቤት የጤና መዝገብ» ቢባል ደግሞ ባለትዳሮች ሁሉ የትዳር ጓደኛቸውን መዝገብ ያስባሉ። «የግለሰብ የጤና መዝገብ» የሚለውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በጤና ኬላ ከሚይዙት የቤተሰብ ፎልደር ጋር ያነጻጽሩታል፤ ያኛው የቤተሰብ፣ ይህኛው የአንድ ሰው ይሆንባቸዋል፤ ያዡ ማን እንደሆነ አሁንም አልተነገረም። በ«ራስ ገዝ» እና በ«ራስ አገዝ» አምሳያ «ራስ ያዝ» ያሉም አሉ። በቅርጽ እንከን የለውም። ሆኖም በአማርኛ የሚይዘው በሽታ ነው፤ ጉንፋን ይይዛል፣ ብርድ ይይዛል። በጤና ተቋም ግድግዳ ላይ «ራስ ያዝ» ተብሎ ቢጻፍ የራስ ምታት ክፍል መስሎት የሚሰለፍ አይጠፋም።

እኛ የምንደግፈው «ግለ መዝገብ» የሚለውን ነው። «ግለ» በሥራ ላይ የዋለ፣ ሕዝብ የለመደው መነሻ ነው። «የሕይወት ታሪክ» እና «ግለ ታሪክ» ልዩነታቸው ምን እንደሆነ ማንኛውም አንባቢ ያውቃል፤ የመጀመሪያውን ሌላ ሰው ይጽፈዋል፣ ሁለተኛውን ባለታሪኩ። ከ1966 ዓ.ም. ወዲህ በየስብሰባው የተሰማው «ሒስና ግለ ሒስ»ም ይህንኑ ልዩነት ለገበሬውም ለሠራተኛውም አስተምሯል፤ ሒስ ከሌላው ይመጣል፣ ግለ ሒስ ሰውየው በራሱ ላይ የሚያቀርበው ነው። በሁለቱም «ግለ» የሚያመለክተው አድራጊውና የሚደረግበት አንድ መሆናቸውን ነው። ስለዚህ «የጤና መዝገብ» ሌሎች ስለ ሰውየው የሚይዙት፣ «የጤና ግለ መዝገብ» ሰውየው ስለ ራሱ የሚይዘው ይሆናል። በ«የግል» እና በ«ግለ» መካከል ያለው የድምፅ ልዩነት ትንሽ ነው፤ የትርጕሙ ልዩነት ግን ተፈላጊው ራሱ ነው።

ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። የግዕዝ ሰዋስው ዐዋቂዎች «ግለ ታሪክ»ን ድሮም አይወዱትም። «ቤተ መንግሥት»፣ «መዝገበ ቃላት» ስንል መጨረሻው ግዕዝ የሆነው የመጀመሪያው ቃል ዋናው ስም ነው፤ ቤቱ የመንግሥት፣ መዝገቡ የቃላት ነው። በ«ግለ ታሪክ» ግን ዋናው ስም ኋለኛው ነው፤ ቅርጹ የግዕዝ፣ አሠራሩ የአማርኛ ነው። ተቃውሞው ትክክል ነው፤ ይሁን እንጂ ዘግይቷል። «ግለ» ዛሬ ዘርፍ ያዥ ስም ሳይሆን ቅድመ ቅጥያ ሆኗል፤ ቃል ተናጋሪው ባስቀመጠው ቦታ እንጂ ሰዋስወኛው በሚፈልገው ቦታ አይገኝም። «ግለኝነት» የሚለው ቃል መጥፎ ሽታ ይከተለዋል የሚለው ሁለተኛው ተቃውሞ ቀለል ያለ ነው፤ «ግለ ታሪክ» የጻፈን ሰው ስለ ስሙ ብቻ ግለኛ ያለው አልሰማንም።

በመጠይቁ ሙከራ ላይ ለነርሷ «ሰውየው ራሱ የሚይዘው፣ የሚጨምርበትና ለፈለገው የሚያሳየው» ተብሎ በተብራራላት ጊዜ ጥቂት አስባ «ታዲያ እሱ ራሱ ከጻፈበት፣ እኔ የምፈርመው የቱ ላይ ነው?» አለች። መጠይቁ ሊያገኘው የፈለገው አመለካከት ይህ ነበር።

ባለሙያዎቹ የሚሠጉበት

ስለ ዕውቀት ያልነው ለአመለካከትም ይሆናል። ካርድ ክፍሉ በኮምፒዩተር መደራጀቱን የሚወድ ሐኪም፣ ታካሚው የጻፈውን ማስታወሻ በቤቱ ሆኖ ማንበቡን ላይወድ ይችላል። አንዱን ጠይቆ የሌላውን መልስ መመዝገብ «በጎ አመለካከት» የሚለውን ድምር ባዶ ያደርገዋል።

ሥጋቱ እውነተኛ መሆኑ በሌላ አገር ተፈትኗል። በአሜሪካ «ኦፕን ኖትስ»፣ ክፍት ማስታወሻዎች፣ የተባለ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2010 በቦስተን፣ በፔንሲልቫኒያና በሲያትል ሲጀመር ከመቶ በላይ የሚሆኑ ሐኪሞች የሚጽፉትን ማስታወሻ ታካሚዎቻቸው እንዲያነቡ ፈቀዱ። ብዙዎቹ ሐኪሞች ጥያቄ ይበዛብናል፣ ታካሚው ይደነግጣል ብለው ይሠጉ ነበር። ውጤቱ በ2012 ሲወጣ የተፈራው ጫና በአብዛኛው አልደረሰም፤ ከሐኪሞቹም ሙከራው ሲያበቃ ልዝጋ ያለ አልነበረም። ከሚያዝያ 2021 ጀምሮ ማስታወሻውን ለታካሚው ሳያዘገዩ መስጠት በዚያ አገር ደንብ ሆኗል።

ለእኛ ለቋንቋ ሰዎች የሚያስደንቀው የተነሣው የቃላት ጉዳይ ነው። ሐኪሞቹ የትንፋሽ ማጠርን «ኤስ.ኦ.ቢ.» ብለው ሲያሳጥሩ ኖረዋል፤ እነዚያ ሦስት ፊደላት በእንግሊዝኛ የታወቀ ስድብ ምሕጻርም ናቸው። ታካሚው ሲያነበው ምን ሊል እንደሚችል አስቀድሞ ያሰበ አልነበረም፤ አንባቢ አይመጣም ተብሎ የተጻፈ ጽሑፍ ነበርና።

በአገራችን ሕክምና የሚማሩት በእንግሊዝኛ፣ ካርድ የሚጻፈውም በእንግሊዝኛ ነው። ግለ መዝገቡ ነገ ቢከፈት ብዙው ታካሚ የገዛ መዝገቡን አያነበውም። ይተርጐም ከተባለ ደግሞ ሥራው ቀላል አይሆንም። በእንግሊዝኛው ልማድ ታካሚው ለተጠየቀው ምልክት «የለብኝም» ሲል «ዲናይስ» ተብሎ ይጻፋል፤ በቀጥታ ቢተረጐም «የደረት ሕመሙን ይክዳል» ይሆናል። በአማርኛ የሚክድ ሰው እውነቱን የደበቀ ወይም ሃይማኖቱን የለወጠ ነው። ትክክሉ «የደረት ሕመም የለብኝም ብሏል» ነው። መድኃኒቱ ሳይሠራለት የቀረን ሰው እንግሊዝኛው ሕክምናው ላይ እንደ ወደቀ አድርጎ ይጽፈዋል፤ እኛ «መድኃኒቱ አልሠራለትም» እንላለን፤ ጥፋቱ በመድኃኒቱ ላይ ነው፤ ይህ ደግሞ ለእውነቱም የቀረበ ነው። ከሁሉ የሚያሠጋው ግን «አዎንታዊ» የሚለው ነው። ይህ ቃል በዛሬው አነጋገር በጎ፣ መልካም ማለት ሆኗል። «የምርመራው ውጤት አዎንታዊ ነው» የሚል ጽሑፍ በስልኩ ላይ ያነበበ ሰው ተመስገን ብሎ ሊተኛ ይችላል፤ የተነገረው ግን በሽታው እንደተገኘበት ነው። ለዚህ «ተገኝቷል»፣ «አልተገኘም» የሚሉት የተራ ሰው ቃላት ከማንኛውም አዲስ ስያሜ ይሻላሉ። የሐኪሞቹ ሥጋት፣ ታካሚው ይሳሳታል የሚለው፣ በዚህ በኩል ሲታይ የተርጓሚውም ሥጋት ነው።

ስለ መጠይቆቹም አንድ ነገር ሳንናገር አንለፍ። «ሰምተው ያውቃሉ?» የሚለው ጥያቄ የሚለካው መስማትን ነው፤ «ዕውቀት» በሚለው ርእስ ሥር መግባት የለበትም። «ፈቃደኛ ነዎት?» የሚለውም ከ«አመለካከት» ይለያል፤ አንድን ነገር መልካም ነው የሚል ሰው ሁሉ አደርገዋለሁ አላለም።

ከዚህ በላይ በተባለው መሠረት ለመዝገበ ቃላት የሚከተለው መግቢያ ቢቀርብ እንመርጣለን፦

የጤና ግለ መዝገብ፤ ስም፤ አንድ ሰው ስለ ራሱ ጤንነትና ሕክምና የተጻፈውን ሰብስቦ የሚይዘው፣ ራሱ የሚጨምርበትና ለማን እንደሚያሳይ ራሱ የሚወስንበት መዝገብ። በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ሲያዝ፦ የኤሌክትሮኒክ የጤና ግለ መዝገብ። ተቋሙ ከሚይዘው «የሕክምና መዝገብ» («ካርድ») የተለየ።

ስያሜው እስኪለመድ ድረስ በመጠይቅ ላይ ብቻውን ባይቀርብ ይሻላል። ከእርሱ አስቀድሞ «መዝገቡን የሚይዘው ማን ይመስልዎታል፤ ሆስፒታሉ ወይስ ሰውየው?» የሚል አንድ ጥያቄ ቢገባ፣ የተከተለው መልስ ሁሉ ስለየትኛው መዝገብ እንደተሰጠ ይታወቃል። «ኤሌክትሮኒክ» ይባል ወይስ «ዲጂታል» የሚለውን በተመለከተ ባለሙያዎቹ ሁለቱንም ይረዳሉ፤ ከመጠይቁ እስከ መዝገበ ቃላቱ አንዱን መርጦ እስከ መጨረሻው መያዝ ይበቃል።